ማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ለመሥራቱ ማረጋገጫ አይደለም

ለክብደት መቀነሻ የሴማግሉታይድ መርፌ የሚወስዱ ብዙዎች ማቅለሽለሹን ችለው ዝም ይላሉ፤ «ካላቅለሸለሸኝ አልሠራም ማለት ነው» ብለው ስለሚያምኑ። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በታተመው ስቴፕ 1 ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 44 በመቶ ያህሉ አቅለሽልሿቸዋል፤ አማካይ የክብደት ቅነሳው ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ነበር። በኋላ የወጣ ትንተና እንዳሳየው፣ በማቅለሽለሽና በማስመለስ ሳቢያ የመጣው ቅነሳ ከሰውነት ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስቃዩን መቻል ትርፍ የለውም። መጠኑ ከ0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየ4 ሳምንቱ የሚጨመረው ሰውነት እንዲለምድ ነው፤ ካልለመደ ጭማሪውን ማዘግየት እንደሚቻል ሐኪምዎን ይጠይቁ።

«የምግብ ፍላጎት መጥፋቱስ የተፈለገው አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የተፈለገው መቀነሱ ነው እንጂ መጥፋቱ አይደለም። ሳይበሉ መዋል ከስብ ጋር ጡንቻንም ያሟጥጣል፣ ባዶ ሆድም ብዙዎችን ይበልጥ ያቅለሸልሻል። መድኃኒቱ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ስለሚያደርግ፣ ቅቤ የበዛበትን ወጥ በአንዴ ጠግቦ መብላት ይከብዳል። ጥቂት ጥቂት፣ ቀስ ብሎ፣ ከእንቁላል ወይም ከዓሣ መጀመር ይሻላል፤ በጾም ምስር ወይም ሽሮ፣ ዘይቱ ቀነስ ብሎ። ውኃውንም ቀኑን ሙሉ ፉት ማለት ነው። ውኃ እንኳ የማያስቀምጥ ትውከት ወይም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ጽኑ የሆድ ሕመም ከመጣ ግን የቆሽት መቆጣት ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጣዩን መርፌ ሳይወስዱ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።