ልጅ አጥንቶ እስኪነሣ የሚያልቅ መጽሐፍ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በከተማችን ዳር ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብትገቡ ወንበሩን የያዙት ተማሪዎች ናቸው። ወላጅ ደጅ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ግን አብረው ገቡና ሠራተኛዋን፣ «አጭር ነገር የለሽም ልጄ?» አሏት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስቴም ሱቃቸውና የዕድር ጉዳይ አስጥለዋቸዋል።

የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ሰጠቻቸው። ተውኔት ነው፤ ንግግር ስለሆነ ይሮጣል። ብቻቸውን ሲስቁ ልጁ ከደብተሩ ቀና ብሎ «ምንድን ነው አባባ?» አለ። «ጸጥታ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር በሹክሹክታ አነበቡለት።

ምርጫዋን ወድጄዋለሁ። እዚህ መጽሐፍ ወደ ቤት አይሰጥም፤ ስለዚህ የሚያዋጣው በአንድ ሁለት ቅዳሜ የሚያልቀው ነው። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «አምስት ስድስት ሰባት» የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ በመሆኑ አንዱን ጨርሶ መነሣት ይቻላል። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር። አማርኛው ግን የድሮ ነውና ከሥራ ደክሞ ለመጣ ሰው እኔ አልመክረውም።

አዛውንቱ ለመሄድ ሲነሡ ተውኔቱ አላለቀም። የደረሱበትን ገጽ ቁጥር በልጁ ደብተር ጀርባ ላይ አስጻፉት።