ቀዩ ለወፍ፣ ሽታው ለጢንዚዛ

ጻካኔ በጆሃንስበርግ አካባቢ ያለ የሎኬሽን ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2006 በታተመው ትልቁ የደቡብ አፍሪካ የዕፅዋት ካርታ መጽሐፍ ውስጥ «የጻካኔ ሸክላ አፈር ሣር ምድር» የሚባል ራሱን የቻለ መደብ አለ። ከሶዌቶ እስከ ስፕሪንግስ፣ ወደ ደቡብም እስከ ናይጄል ድረስ ተቆራርጦ የቀረ ሣር ነው። በክረምት በብርድ ደርቆ ሲታይ ማንም ባዶ መሬት ይለዋል። ዝናብ ሲጥል ግን በሣሩ መሐል በየዓይነቱ አበባ ብቅ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው የሚመጣው፤ ይህ ሁሉ ቀለምና ሽታ ለማን ነው?

ለእኛ እንዳልሆነ እርግጥ ነው። ተክል ተነሥቶ ሄዶ አይጋባም። የአበባውን ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስለት ንብ፣ ወፍ፣ ዝንብ ወይም ጢንዚዛ ያስፈልገዋል። ቀለምና ሽታ እንደ ሠርግ ጥሪ ናቸው፤ የተጻፉት ሊመጣ ለተፈለገው እንግዳ ነው። እንግዳው ማን እንደሆነ ካወቃችሁ አበባው ለምን እንዲህ እንደሆነ ይገባችኋል።

ከጻካኔ ወደ ደቡብ ብዙም ሳትርቁ፣ ሃይደልበርግ አጠገብ፣ የሱይከርቦስራንድ ጥብቅ ሥፍራ አለ። ኮረብታው ላይ ሰው የሚያህልና ከሰውም የሚበልጥ እሬት ይበቅላል። ሌላው ሁሉ ደርቆ ባለበት በክረምቱ ልብ ላይ ብርቱካንማና ቀይ ሆኖ ያብባል። አበባውን ብታሸቱት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ እንግዳው ወፍ ነዋ! ወፎች ቀይን አጥርተው ያያሉ፣ አበባ ሲፈልጉም የሚመራቸው ዓይናቸው እንጂ አፍንጫቸው አይደለም። በ2008 የታተመ ጥናት እዚሁ ሱይከርቦስራንድ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል። እሬቱን ለመጠጣት የሚመጡት የአበባ ፈሳሽ ልማዳቸው የሆኑት ቀጫጭን ምንቃር ያላቸው ወፎች ብቻ አይደሉም። በሌላ ጊዜ ጥራጥሬና ነፍሳት የሚለቅሙትም ይጎርፋሉ። ፈሳሹ ብዙና ቀጭን ነው፤ በዚያ ደረቅ ወራት ምግብም ውኃም ይሆናቸዋል። ጠጥተው ሲነሡ ግንባራቸው በዱቄት ተለውሷል፤ እሬቱ የፈለገውም ይህንኑ ነው።

ንብስ? ንብ ቀይን እንደ እኛ አታይም። ይህን ያስመሰከረው ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። በ1914 ባሳተመው ሥራ ንቦችን በሰማያዊ ካርቶን ላይ ስኳር ውኃ እያስቀመጠ አለመዳቸው። ከዚያ ካርቶኑን ከብዙ ግራጫ ካርቶኖች ጋር ቀላቀለው፤ ሳይሳሳቱ ሰማያዊውን አገኙት። በቀይ ሲሞክር ግን ከጥቁርና ከጥቁር ግራጫ ጋር ተምታታባቸው። በሌላ በኩል እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ንብ ታያለች። የአደይ አበባን ወገን አስቡ፤ ለእኛ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። ከዚያ ወገን ብዙዎቹ በአልትራቫዮሌት ሲታዩ ግን መሐላቸው ጠቁሮ ዳራቸው ያበራል፤ ማረፊያውን በክብ የሚያመለክት ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር እልል የምንልለት አበባ ከእኛ ዓይን የተሰወረ መልክ እንዳለው ማወቅ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሽታ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። የንብ ዓይን ሩቅ አያይም፤ ትንሽ አበባን የምትለየው ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ነፋስ የሚያመጣው ሽታ ግን ከሩቅ ይጠራታል። አበባ ውስጥ የሚርመሰመሱ ጢንዚዛዎችም በሽታ በጣም ይመራሉ። እዚያው ሱይከርቦስራንድ ላይ ተራራው ስሙን ያገኘበት ፕሮቲያ አለ፤ አበባው የበሰለ ፍራፍሬ የሚያስታውስ ጣፋጭ ሽታ አለው። ተመራማሪዎቹ ሳንዲ ሊን ስቴንሃይሰንና ስቲቨን ጆንሰን ይህን ፕሮቲያና ዘመዶቹን ወፍ እንዳይደርስባቸው፣ ጢንዚዛ ግን እንዲገባ አድርገው ከለሏቸው። ዘራቸው አልቀነሰም። በወፍ የሚራቡት የፕሮቲያ ዓይነቶች ሽታ ደግሞ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሙከራ ግን የ2010ሩ ነው። አናናስ የሚመስል ጉንጉን አናቱ ላይ የሚያወጣ ዩኮሚስ የሚባል የሣር ምድር ተክል አለ። አንደኛው ዓይነት ጋውቴንግ ውስጥም ይበቅላል። ከዩኮሚስ አንዳንዶቹ የሚራቡት ሸረሪት አዳኝ በሆኑ ትልልቅ ተርቦች፣ ሌሎቹ በጥንብ ዝንቦች ነው። መልካቸው ግን በጣም ይቀራረባል። ታዲያ ዝንቡና ተርቡ ቤታቸውን በምን ይለያሉ? አዳም ሸትልዎርዝና ጆንሰን የዝንቦቹ አበባ ድኝ ያለባቸው፣ የበሰበሰ ሥጋ የሚሸቱ ውህዶች እንደሚያወጣ አገኙ፤ የተርቦቹ ግን የለውም። ያንን ግማት ወስደው በተርቦቹ አበባ ላይ ጨመሩት። ዝንቦቹ ወዲያው መጡ! ቀለሙ አልተነካ፣ ቅርጹ አልተነካ፤ ጥቂት ሽታ ብቻ እንግዳውን ቀየረው። አዲስ የአበባ ዝርያ ከአሮጌው እንዴት ሊለይ እንደሚችል ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ቀለም እንመለስ። የወፍ ቆሎን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አገር ቤት አጥር ላይ የሚንዠረገገው ነው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ወራሪ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መትከሉ በሕግ ተከልክሏል። አንዱን ጉንጉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሐሉ ላይ አሁን የፈኩት ቢጫ ናቸው፤ ዳር ያሉት፣ ቀደም ብለው የፈኩት፣ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ተለውጠዋል። ቢጫዎቹ ገና ፈሳሽ አላቸው፤ ዱቄት የደረሳቸው ቀለማቸውን ይለውጣሉ። ቢራቢሮዎች ይህን ተምረው ቢጫውን ይመርጣሉ። ያረጁት አለመርገፋቸው ጉንጉኑን ከሩቅ ትልቅ ያስመስለዋል።

ጆሃንስበርግና አካባቢው ያላችሁ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ለእሬቱ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለፕሮቲያው ሱይከርቦስራንድ ሂዱ። አትቁረጡ፤ አፍንጫችሁን አስጠጉና አሽቱ፣ ከዚያ ዘወር በሉና ማን እንደሚመጣ ጠብቁ። ልጆች ካላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ።