መብራቱን ያደከመው ሰሌዳው ነው ወይስ ሽቦው?

በሐምሌና በነሐሴ ደመና የፀሐይ መብራት መድከሙ ያለ ነው፤ በጥቅምት ፀሐይ መድከሙ ግን ምክንያት አለው። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ያበራ የነበረው አምፖል ልጆቹ ጥናታቸውን ሳይጨርሱ የሚጠፋበት አባወራ መጀመሪያ የሚያስበው በግ ሸጦ አዲስ ባትሪ መግዛትን ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በጉ ከበረት ሳይወጣ ምርመራው ከጣሪያው እንዲጀመር ሊመክሩት ይገባል።

የውቂያ ብናኝና የወፍ ኩስ የሰሌዳውን ፊት ይሸፍናሉ። ሰሌዳው ሲተከል ችግኝ የነበረው ባሕር ዛፍም ዛሬ ጥላ ይጥላል። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው በጥቂቶቹ ላይ ያረፈ ጥላ የቀሩትንም ጉልበት ይቀንሳል። ቅርንጫፉን መመልመል፣ ሰሌዳውንም ማለዳ መስተዋቱ ሳይግል በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ነው። አመድና አሸዋ ይጭሩታል።

ይበልጥ የሚያታልለው ሽቦው ነው። 5 አምፔር በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 10 ሜትር ርቆ ሲሄድ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ ከ12ቱ ቮልት ከ1 በላይ የሚሆነው በመንገድ ይቀራል፤ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ግን ግማሽ ቮልት አይሞላም። ቴስተር ያለው ሰው እኩለ ቀን ላይ ባትሪው እየሞላ ሳለ ሰሌዳው ዘንድና መቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ ለክቶ ያወዳድር። ልዩነቱ ከዚህ ከበዛ የላላ ብሎን ወይም የዛገ መጋጠሚያ ይፈለግ። መጋጠሚያ ከመንካት በፊት ሰሌዳውን በወፍራም ጋቢ መሸፈን፣ ከመቆጣጠሪያውም መጀመሪያ የሰሌዳውን፣ ቀጥሎ የባትሪውን ሽቦ መንቀል ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ቀኑን ሙሉ በጠራ ፀሐይ የተሞላ የ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 አካባቢ መሆን ሲገባው ከ12.2 በታች ካሳየ ጥፋቱ የባትሪው ነው። በጉ ያን ጊዜ ይሸጥ።