የአምባ ወህኒና ጠባብ መውጫው

በደራ ምድር፣ ከሐሙሲት ወደ ጣና ሲወርዱ የምትገኘው ቆራጣ፣ በ1858 ዓ.ም ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ጓደኞቹ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ መቅደላ አምባ ሲነዱ ያለፉባት ስለ ሆነች፣ የዚህ አካባቢ ሰው በአምባ ላይ ስላለ ወህኒ የሚነገረውን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊሰማው አይገባም።

የጥንት ነገሥታታችን ለእስረኛ ማኖሪያ ግንብ መገንባት አላስፈለጋቸውም፤ ፈጣሪ ራሱ ዙሪያውን በገደል ያጠረውን፣ አናቱን ግን ለቤት የሚበቃ ሜዳ ያደረገውን አምባ መርጠው፣ የሰው እግር የሚረግጠውን ጠባብ መውጫ ብቻ በዘበኛና በመዝጊያ ያጸኑት ነበር። የንጉሥ ዘር የሆኑ መሳፍንት ዙፋን እንዳይመኙ፣ የግራኝ አህመድ ሠራዊት እስኪደርስበት ድረስ በግሼን፣ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ደግሞ ዛሬ እስር ቤትን ሁሉ በስሙ በምንጠራው በወህኒ አምባ ይጠበቁ ነበር።

በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ዓይነቱ ቤተ ሞቅሕ ድንጋፄ ከገደሉ ይልቅ በመውጫው ላይ ያድራል። ገደል ዝም ይላል፤ ሰውም ውሎ ሲያድር ይለምደዋል። በዚያ በጠባቡ መዓርግ በኩል ግን ኮቴ ይሰማል፤ የሚወጣው ሰው ስንቅ ይዞ ይሁን፣ እግር ብረት ይዞ ይሁን፣ ወይስ ዘውድ ይዞ፣ ከላይ ያለው ሙቁሕ ደጃፉ እስኪደርስ ድረስ አያውቅም። ይህም ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ ከወህኒ ለማምለጥ ሞክረዋል ተብለው እጃቸውን የተቆረጡት ዳግማዊ ዐፄ ዮሐንስ፣ በስተርጅናቸው በ1761 ዓ.ም በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ከዚያው አምባ ወርደው ጎንደር ላይ ነግሠዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አልፈዋል። ሊገድልም ሊያነግሥም የሚመጣው መልእክተኛ የሚረግጠው አንዱን ድንጋይ ነበርና፣ በአምባው ላይ ለሚኖር ሰው ተስፋና ሞት በኮቴያቸው አይለዩም።

መቅደላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ግምጃ ቤትም ወህኒም ሆኖ ሳለ፣ ከእስላምጌ ሜዳ ተነሥቶ ገደሉን ታክኮ የሚወጣው መንገድ ቀጥ ያለና ጠባብ ነበር፤ በመካከሉ የድንጋይ በር፣ ከበሩም በላይ ሌላ ዳገትና ሁለተኛ በር ነበረበት። ራሳምና ጓደኞቹ ያን ዳገት ወጥተው አናቱ ላይ ከደረሱ በኋላ፣ የብረቱ ቀለበት በቁርጭምጭሚታቸው ላይ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ገባላቸው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረውም በዚያው ቆዩ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በዚሁ አምባ ታስረው ሳሉ አረፉ። የሸዋው ልጅ ምኒልክ ግን በ1857 ዓ.ም በሌሊት አምልጦ ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ግዛት ስለ ገባ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በቁጣ የወርቂትን ልጅና ሌሎች የወሎ መያዣዎችን ገደሉ። አንድ ሰው በዚያ በር ሾልኮ ሲወርድ በአምባው ላይ የቀሩት ዕዳውን ከፈሉ፤ የቦታውን ክፉ ጥላ ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላገኘሁም።

በ1860 ዓ.ም መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ከባድ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ከብዙ ወራት ጉዞ በኋላ መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በትንሣኤ ማግስት፣ አውሮፓውያኑ እስረኞች ተፈትተው በዚያው መንገድ ወርደው ሳለ፣ ታችኛው በር ከውስጥ በድንጋይ ክምር ተደፍኖ ነበር። እስረኞቹን ሊያስፈቱ የዘመቱት የእንግሊዝ ወታደሮች በበሩ ማለፍ ቢሳናቸው ከጎኑ ያለውን የእሾህ አጥር ተሻግረው ገቡ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገድለው በዚያው በመውጫው አጠገብ ወድቀው ተገኙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አዛዣቸው ጄኔራል ናፒየር በሮቹን በባሩድ አስፈርሶ፣ በአምባው ላይ ያሉትን ቤቶች አቃጥሎ ወደ ባሕር ተመለሰ።