ከዝርዝር መምረጥ የመዝገብ ስሕተትን ይቀንሳል

በመዝገብ ቤት፣ በሒሳብ ክፍልና በጽሕፈት ሥራ የተሰማሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ከመሥሪያ ቤት ሲወጡም የእድር ወይም የዕቁብ ጸሐፊነት የሚጠብቃቸው አሉ። ቀድሞ በደብተር ይያዝ የነበረው መዝገብ በየቦታው ኤክሴል ወደሚባለው የኮምፒዩተር ሰንጠረዥ ተዛውሯል። ይሁን እንጂ ደብተሩ ሲለወጥ የአጻጻፍ ስሕተቱም አብሮ ተሻግሯል።

እንደሚታወቀው በፊደላችን ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ናቸው። አንባቢ በዚህ አይቸገርም። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ የተለየ ፊደል ነው። ስለሆነም አንዷ ጸሐፊ «ነፋስ ስልክ»፣ ሌላዋ «ንፋስ ስልክ»፣ ሦስተኛዋ «ን/ስልክ» ብለው ቢመዘግቡ፣ ሦስት ልዩ ልዩ ቦታዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ከቃሉ በኋላ ሳይታወቅ የገባ ባዶ ቦታም እንዲሁ ያሳስታል።

ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በእድር መዝገብ ላይ «ከፍላለች» በመባል ፈንታ «ተከፍሏል» ተብሎ የተጻፈላት አባል፣ የከፈሉት ተለይተው ሲወጡ ስሟ ይቀራል። ሐዘን በደረሰባት ዕለት መዋጮ አልከፈለችም ብትባል ጉዳቱ ከቁጥር ስሕተት ያለፈ ነው። በጤና ጣቢያም ሁለተኛው ክትባት በየጸሐፊው በተለያየ አጻጻፍ ከገባ፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ሕፃን ለይቶ እናቱን ማስጠራት ያዳግታል።

መፍትሔው ቃሉን በየጊዜው ከመጻፍ ይልቅ ከተዘጋጀ ዝርዝር መምረጥ ነው።

አሠራሩ

በመጀመሪያ በዚያው መዝገብ ሌላ ገጽ ከፍቶ ቃላቱን ከላይ ወደ ታች፣ በየሣጥኑ አንድ አንድ መጻፍ ነው። ለምሳሌ የአዲስ አበባን 11 ክፍለ ከተሞች ወይም 13ቱን ወራት መጻፍ ይቻላል። አጻጻፉን ጸሐፊዎቹ አስቀድመው ተመካክረው ይወስኑ።

ቀጥሎ ምርጫው የሚፈለግባቸውን ሣጥኖች በማውስ ይምረጡ። «ዳታ» ከሚለው ክፍል «ዳታ ቫሊዴሽን»ን ይጫኑ። «አላው» በሚለው ሥር «ሊስት»ን ይምረጡ። «ሶርስ» በሚለው ቦታ ላይ ሆነው የጻፉትን ዝርዝር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በማውስ ያመልክቱና «ኦኬ» ይበሉ። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ ሲነካ በጎኑ ትንሽ ቀስት ይታያል፤ ሲጫኑት ዝርዝሩ ይወርዳል። ማውስ ለማይመቻት «ኦልት»ን ይዞ የታች ቀስትን መጫን ይበቃል።

ምርጫው «ከፍላለች» እና «አልከፈለችም» ብቻ ከሆነ ቃላቱን «ሶርስ» ላይ በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። በተለመደው የእንግሊዝኛ አቀማመጥ መለያያው የእንግሊዝኛው ኮማ ነው። የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ ቢገባ ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ ሆነው ይወጣሉ።

ጥንቃቄ

ይህ ዘዴ ወደፊት የሚጻፈውን እንጂ ቀድሞ የተጻፈውን አያርምም። የቆየውን ስሕተት ለማግኘት በዚያው በ«ዳታ ቫሊዴሽን» ሥር «ሰርክል ኢንቫሊድ ዳታ» የሚለውን ቢጫኑ ከዝርዝሩ ውጭ የሆኑት ቃላት በቀይ ይከበባሉ። ከሌላ ሣጥን ተቀድቶ የሚለጠፍ ቃልም ቁጥጥሩን ሊያጠፋው ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ልማድ መተው ይገባል።

ዝርዝሩም በየጊዜው ይታይ። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ሲቋቋም በ10 ክፍለ ከተሞች የተዘጋጀ መዝገብ ሁሉ አንድ ስም ጎድሎት ነበር። አዲስ ስም ሲመጣ በዝርዝሩ መካከል ረድፍ አስገብቶ ቢጻፍ ምርጫው ውስጥ ራሱ ይገባል።

ሙሉውን መዝገብ ባንድ ቀን ማስተካከል ለማይቻላት እናት፣ ብዙ ስሕተት ከሚታይበት አንድ ዓምድ መጀመር ይበቃል። ከዚያም ዘዴውን ለሥራ ባልደረባዋ ብታሳይ፣ በወር መጨረሻ ስሕተት ሲለቀም የሚመሸው ጊዜ ለቤትና ለልጆች ይተርፋል።