ያውቁ ኖሯል? ከጋቢ ሥር የሚያዝ ያገለገለ ሽጉጥ

ያውቁ ኖሯል? በወሎ ምድር ስሙ ከሁሉም በላይ የሚነሳው ሽጉጥ በስጦታ የመጣ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ ጥንድ ሽጉጦች ላከች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለቆንስል ዎልተር ፕላውደን ላሳዩት ደግነት ምስጋና መሆናቸው ነው። ይዟቸው የመጣው ተተኪው ቆንስል ቻርለስ ካሜሮን ሲሆን ጊዜውም 1862 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያው ዓመት ቴዎድሮስ ለንግሥቲቱ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። ካሜሮን ታሰረ፤ ጄኔራል ናፒየርም ጦር አስከትሎ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ ንጉሡ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። የመረጡበትም መሣሪያ ያው የንግሥቲቱ ስጦታ ነበር። መቅደላ ከመካነ ሰላም ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በዛሬው የተንታ ወረዳ ውስጥ ናት። ወደ አምባው የሚወጣ ሰው ሁሉ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖልን ያያል፣ ይነካል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔ ግን ከግዙፉ መድፍ ይልቅ የዚያች አገር ታሪክ ያደረው በእጅ በምትያዘው መሣሪያ ላይ ይመስለኛል።

ያውቁ ኖሯል? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ማን መሣሪያ ሊይዝ እንደሚችል፣ ስንት፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወስናል፤ ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን በእስራት ይቀጣል። ስለዚህ ያገለገለ ሽጉጥ ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው ብረቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የሻጩ ፈቃድ በሻጩ ስም ያለ ነው፤ ከሽጉጡ ጋር አብሮ ወደ ገዢው ኪስ አይገባም። «ወረቀቱን በኋላ እናስተካክላለን» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ገንዘብዎን ይያዙና ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ዝውውሩ ይፈቀድ እንደሆነ የሚጠየቀው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው፤ የሚጠየቀውም የወረዳው ፀጥታ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ እንጂ ደላላ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለፍንበት ጊዜ ደግሞ በየኬላው ወረቀት የሌለው ሽጉጥ ባለቤቱን ለምን ዓይነት አደጋ እንደሚያጋልጥ በደንብ አሳይቶናል።

አዋጁ ሲጸድቅ በወጡ ዘገባዎች መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ የተያዘው ጠብመንጃ 275 ሲሆን ሽጉጥ ግን ከ33,000 በላይ ነበር። የኮንትሮባንዱ ገበያ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ቁጥር የለም። ጠብመንጃ በትከሻ ላይ ይታያል፤ ሽጉጥ በጆንያ፣ በነዳጅ ታንከር፣ በመኪና ወንበር ውስጥ ያልፋል።

ያውቁ ኖሯል? «አዲስ የቱርክ» እየተባለ ከሚሸጠው መካከል ከመጀመሪያውም ሽጉጥ ያልነበረ አለ። ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራ፣ ለፊልምና ለማስፈራሪያ የሚውል መሣሪያ ነው። በኋላ በጓዳ ተነካክቶ እርሳስ እንዲተፋ ይደረጋል። አካሉ የሚሠራው በአብዛኛው ከዚንክ ቅይጥ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት ለመሸከም አልታሰበም፤ የሚፈነዳውም በተኳሹ እጅ ላይ ነው። መለያው ቀላል ነው። ትንሽ ማግኔት ይያዙና የሽጉጡን ላይኛ ተንሸራታች ክፍል ያስነኩት። ብረት ከሆነ ይይዛል፤ ዚንክ ከሆነ ይንሸራተታል። እጀታው ላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል በእሱ አይፍረዱ፤ ላይኛው ክፍል ግን በደህና ሽጉጥ ላይ ብረት ነው። ጎኑ ላይ «9 ሚ.ሜ. ፒ.ኤ.ኬ.» የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ማግኔትም አያስፈልግም። ያ የባዶ ጥይት መለያ ነው።

ማካሮቭን ብዙ ሰው በዓይኑ ያውቀዋል። በሶቪየት ጦር ውስጥ የገባው በ1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን በእኛ አገር የበዛው ደርግ ከሞስኮ ጋር ከተወዳጀ በኋላ ነው። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ለመደበቅ ይመቻል፣ አሠራሩ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይበላሽም። ያገለገለ ማካሮቭ የሚፈልግ ሰው ምርጫው መጥፎ አይደለም እላለሁ።

ግን «ዘጠኝ» ሁሉ አንድ አይደለም። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ በብዙ ዘመናዊ ሽጉጦች የሚገባው 9 በ19 ነው፤ የጥንቱ የጣሊያን ቤሬታ የሚበላው 9 በ17 ነው። የማካሮቭ እርሳስ ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ9 በ19ኙ 9.01 ነው። የግፊታቸው ልዩነት ደግሞ የትየለሌ ነው፦ የማካሮቭ ጣሪያ 160 ሜጋፓስካል፣ የ9 በ19ኙ 235። ጥይት የሚሸጥልዎ ሰው «ዘጠኝ ነው፣ ይሠራል» ቢልዎ የቀለሁን ግርጌ ጽሑፍ ያንብቡና ከበርሜሉ ጽሑፍ ጋር ያስተያዩ። ካልተገጣጠመ አይግዙ።

ያውቁ ኖሯል? በአምስቱ ዓመት የጣሊያን መኮንኖች የታጠቁት ቤሬታ 1934 የተሠራበትን ዓመት ሁለት ጊዜ ጽፎ ይዟል። አንደኛው የአውሮፓ ዓመት ነው፤ ከጎኑ ያለው በሮማውያን አኃዝ የተጻፈው ደግሞ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠረው የፋሺስት ዘመን ነው። 1937 ከሚለው አጠገብ 15 የሚል የሮማ ቁጥር ያገኛሉ። ከአያት የወረደ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ለታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ለመታጠቅ ግን አልመክርም። ሞላው ከሰማንያ ዓመት በላይ የሠራ ነው። የጥንቃቄ ቁልፉም ቃታውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ መዶሻውን አይይዝም። ጥይት ጎርሶ፣ መዶሻው ተነስቶ ከወደቀ ቁልፉ አያድንም።

ቶካሬቭ የሚባለው ሽጉጥ ከዚህ ይብሳል። መጀመሪያ ሲሠራ በውጭ የሚታይ የጥንቃቄ ቁልፍ ፈጽሞ አልነበረውም፤ ያለው መዶሻው በከፊል ተነስቶ የሚቆምባት ጥርስ ብቻ ናት። በአሮጌ ቶካሬቭ ላይ ያቺ ጥርስ ተበልታ ከሆነ ሽጉጡ የታመነበት ነገር ሁሉ አለቀ ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ብዙ ቤት ያፈረሰው «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ፣ ባዶ ነው» የሚለው ንግግር ነው። ካዝና ሲወጣ በርሜል ውስጥ የገባው አንድ ጥይት አብሮ አይወጣም። እንደ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ያሉት ካዝናቸው ከወጣ ቃታ ቢሳብም እንዳይተኩሱ ተደርገው ተሠርተዋል። ማካሮቭ ግን ካዝና ኖረውም አልኖረውም ይተኩሳል። በአንዱ የለመደ እጅ በሌላው ላይ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሽጉጥ ሊያሳይዎ የሚመጣ ሰው ፊት ቅደም ተከተሉን አይሳቱ፦ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ጣት ከቃታ ይራቅ፣ ካዝና ይውጣ፣ ላይኛው ክፍል ወደ ኋላ ይሳብና ተይዞ በርሜሉ በዓይን ይታይ፣ ትንሿ ጣትም ገብታ ትዳስስ። ሻጩ ይህን ሳያደርግ አፈሙዙን ወደ እርስዎ አዙሮ የሚያቀብልዎ ከሆነ ያ መሣሪያ በእሱ እጅ እንዴት እንደከረመ ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈልጉ።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። «በድንገት ባረቀብኝ» ማለት ነፃ አያወጣም። አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ። አንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ ያለፈውን ይመለከታል። ሽጉጥ ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ሦስት አንቀጾች ማንበብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ወደ አየሩ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በአቀስታና በጉጉፍቱ ሲያልፍ ደግሞ ብርዱ ሌላ ነው። ከውርጭ የመጣ ብረት ጭስና እንፋሎት የሞላበት ቤት ሲገባ ያልበዋል። ባለ ሽጉጡ ጋቢውን ሳያወልቅ ቡናውን ሦስተኛ እስኪጠጣ ድረስ በሽጉጡ ላይ ያቺ የማታስታውቅ ጤዛ ትሰፍራለች። በላይ ያለችውን የጋቢው ጥጥ ይጠርጋታል፤ በእጀታው ሽፋን ሥር የገባችው ግን ትቀራለች። ያገለገለ ሽጉጥ ሲገመገም ሰው አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፤ ጥሩ ነው፣ ይታይ። ነገር ግን ባለቤቱ ከፈቀደ የእጀታውን ብሎን ፈትተው ሽፋኑን ያንሱት። የቆላና የደጋ ክረምት የጻፈው እዚያ ሥር ነው፤ ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካዩ ዋጋውን ሳይሆን ግዢውን ይተዉት። ውጭው እንደ መስታወት ያበራ፣ ውስጡ የተበላ ሽጉጥ ብዙ ነው።

ዝገት ሁለት ደጋፊዎች አሉት። አንደኛው የቆዳ ማህደር ነው። በቆዳ ውስጥ የቀረው የማልፊያ ጨውና እርጥበት ብረቱን ያዝጋል፤ የጥይቱንም ናስ አረንጓዴ ያደርገዋል። ማህደር ለመታጠቂያ እንጂ ለማደሪያ አይሆንም። ሁለተኛው የወጥ ዘይት ነው። በእኛ አገር የኑግ ዘይት በእጅ ያለ ነገር ስለሆነ ሰው ሽጉጡን በእሱ ይወለውላል። ኑግ ግን አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ሙጫ ይሆናል። ሙጫው የመቺውን መርፌ መንገድ ሲይዝ ሽጉጡ በክፉ ቀን «ቀጭ» ብሎ ይቀራል፤ ወይም መርፌው ወደፊት ወጥቶ ተጣብቆ ከቀረ፣ ሲቀባበል ሳይታሰብ ይተኩሳል። የማሽን ዘይት፣ እሱም ጠብታ ብቻ።

ያውቁ ኖሯል? ሽጉጥን ያለ ማህደር በቀበቶ ሥር መሸጎጥ ከሁሉም የአያያዝ ዓይነት አደገኛው ነው። ቃታው ባዶውን ይቀራል፤ የጋቢ ጥለት ጫፍ፣ የሸሚዝ ጠርዝ፣ የኪስ ቁልፍ ሊስበው ይችላል። ማህደር ምንም ባይሆን ቃታውን መሸፈን አለበት። በ1903 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮልት የኪስ ሽጉጥ መዶሻው ከውስጥ የተደበቀው ሲመዘዝ በልብስ እንዳይያዝ ታስቦ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው።

የመለያ ቁጥር ነገር ሰፋ ያለ ነው። በሰኔ 1914 እ.ኤ.አ. ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ የገደለው ሽጉጥ በቤልጅግ የተሠራ ብራውኒንግ 1910 ነበር፤ ቁጥሩ 19074። ለብዙ ዘመን መጻሕፍት ሌላ ሞዴል ነው እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ዛሬ ሽጉጡ በቪየና የጦር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። ቁጥር እንዲህ ይናገራል። ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ሲያጋጥምዎ «አሮጌ ስለሆነ ጠፍቶ ነው» የሚለውን አይቀበሉ። ቁጥር ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ይጨመቃል፤ ላዩ ቢሞረድም በቤተ ሙከራ አሲድ ሲቀባ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይነበባል። በርሜልም በእርሳሱ ላይ የራሱን ጭረት ይተዋል፤ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርማሪዎች ሁለት እርሳሶችን ጎን ለጎን በማይክሮስኮፕ እያስተያዩ ከየትኛው መሣሪያ እንደወጡ ይመሰክራሉ። ስለዚህ ትናንት በሌላ ሰው እጅ ደም ያፈሰሰ ሽጉጥ ዛሬ ሲፈለግ የሚገኘው በእርስዎ ወገብ ላይ ነው። በወሎ ደም የሚያደርቁት አበጋሮች ስንት ወገን ቁጭ አድርገው ስንት ቂም አሽረዋል። ሳያውቁት የሌላን ሰው ደም ገዝተው ቤት ማስገባት ያንን ድካም መና ማስቀረት ነው።

ካዝናውን አይርሱ። ያገለገለ ሽጉጥ ሲነክስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበርሜሉ አይደለም፤ ከንፈሩ የተጣመመ ካዝና ነው። ከሁለት ካዝና ጋር የሚሸጥ ከሆነ ሁለቱም ተሞልተው፣ በተፈቀደ መተኮሻ ቦታ፣ ተኩሰው ይታዩ።

ሲሞክሩም፦ ቃታ ስበው «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ወዲያው አይክፈቱት። የቆየና እርጥበት የነካው ጥይት ባሩዱ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። አፈሙዙን ኢላማው ላይ እንዳነጣጠሩ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ይቆዩ፤ ከዚያ ካዝናውን ያውጡ፣ ጥይቱን ያስወጡ፣ ጀርባውን ይመልከቱ። መርፌው በደንብ ወግቶት ካልተነሳ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። የወጋው ምልክት ፈዛዛ ከሆነ የሽጉጡ ነው።