ማንም ያልጠረበው ቅስት

ክረምት ያጠገበው የአርሲ ሮቤ ማሳ ውበቱ ጥቁረቱ ነው። ገበሬው ኮቲቻ የሚለው ይህ አፈር ሲርስ እንደ ሐር እያብረቀረቀ ያብጣል፤ በበጋ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስንዴን አሳምሮ የሚያሳድግ መሬት መንገድ ሲጫንበት ግን አይረጋም።

ከአሰላ ወደ በቆጂ፣ የጭላሎን ተራራ በግራ እያዩ መጓዝ ከአገራችን ውብ ጉዞዎች አንዱ ነው። ግን እንዲህ ባለ የደጋ መንገድ የተጓዘ ሰው ድልድይ ጫፍ ላይ መኪና ድንገት ሲነጥር ያውቀዋል። ምክንያቱ ከሥር ነው፤ ድልድዩ ጠንካራ መሠረት ላይ ቆሟል፣ ከጫፉ የተያያዘው የአፈር ሙሌት ግን ለስላሳውን መሬት እየተጫነ ከዓመት ዓመት ዝቅ ይላል። የተለመደው መላ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ ሰለክት በሚባል የተመረጠ አፈር መተካት ነው፤ ለስላሳው ንብርብር ጥልቅ እስካልሆነ ድረስ መልካም መላ ነው።

ንብርብሩ ሲጠልቅ የሚመጣው ጥበብ ግን፣ በእኔ ዓይን፣ ከምሕንድስና ሥራዎች ሁሉ የረቀቀው ነው። ፓይል የሚባሉ ምሰሶዎች ለስላሳውን አፈር ዘልቀው ጠንካራው ላይ ይቆማሉ፤ አናታቸው ላይ ሰፊ የኮንክሪት ቆብ ይደፋል፤ ከቆብ ቆብ ጂኦግሪድ የተባለ ብርቱ መረብ ይዘረጋል፤ በላዩም ጠጠር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ከዚያ ጠጠሩ ራሱ ግንበኛ ይሆናል። በቆቦቹ መካከል ያለው በጥቂቱ ሲሰምጥ ከላይ ያለው ፍሬ ለፍሬ ተቆላልፎ ማንም ያልጠረበው ቅስት ይሠራል፤ ክብደቱ በቅስቱ ትከሻ ወደ ቆቦቹ ይወርዳል፣ የተረፈውን መረቡ ይሸከማል። መሐንዲሱ ካርል ተርዛጊ ይህን ምሥጢር እ.ኤ.አ. በ1936 በአሸዋ አሳየ፤ ከአሸዋው ሥር ያለች መዝጊያ ትንሽ ዝቅ ስትል የሚያርፍባት ክብደት በእጅጉ ቀነሰ። ሆላንዳዊቷ ሱዛን ቫን ኢከለን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በደልፍት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበችው የዶክትሬት ሥራ፣ ቅስቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደሚደራረቡ፣ ሸክሙም በተጎራባች ፓይሎች መካከል በተወጠረው የመረቡ ክፍል ላይ እንደሚበረታ አብራራች።

ቅስት ከፍታ ይፈልጋል። በብሪታንያው ደንብ ቢ ኤስ 8006 ሙሉ ቅስት የሚታሰበው የሙሌቱ ከፍታ በቆቦቹ መካከል ካለው ክፍተት 1.4 እጥፍ ሲበልጥ ነው፤ ክፍተቱ 2 ሜትር ቢሆን 2.8 ሜትር ማለት ነው። እጅግ ሲያንስ የቆቦቹ ቅርጽ አስፋልቱ ላይ ብቅ ይላል። ኮቲቻ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ የሚያብጥ አፈር ፓይሉን ጨብጦ ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ፓይሉ እርጥበት ከሚለዋወጥበት ንብርብር አልፎ በጥልቅ መተከል አለበት።

ዋጋው ውድ ስለሆነ ለመንገዱ ሁሉ አይሆንም። ይህን ጥበብ ለአርሲ የምመኘው ለስላሳው መሬት በጠለቀበት ድልድይ ጫፍ ላይ ነው፤ ወደ ድልድዩ ሲቀርቡ እየረዘሙ የሚሄዱ ፓይሎች፣ ሙሌቱንና ድልድዩን ሳይሰማ የሚያገናኙ፣ በበቆጂ አውቶቡስ መስኮት ጥግ የተኛችውን ልጅ የማይቀሰቅሱ።